የወይን መግረዝ ትምህርት፦ ነሐሴ ወይስ ጥቅምት?

ሰበታ ያሉ ወይን አብቃይ ጎረቤቶችህን ሰብስበህ መግረዝ ለማስተማር «ነሐሴ ይሻላል ወይስ ጥቅምት?» ላልከው፣ ጥቅምት አድርገው።

ነሐሴ ላይ የተቆረጠው ቦታ ሳይደርቅ ዝናብ ይመታዋል፣ ሻጋታም አይለቅህም። ጥቅምት ከተገረዘ ቡቃያው በበጋ ያድጋል። ውኃ ማጠጣት ግን ግድ ነው።

አዳራሽ አትከራይ፣ እዚያው ጓሮ ይሁን። አንዱን ግንድ አንተ ግረዝ፣ ቀጣዩን እነሱ። በየቀንበጡ 2 ወይም 3 ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ) ያስቀሩ። የወይን ጠጅ ጠማቂዎቹን ከሰዓት ጥራ፤ ቅምሻው ከቀደመ መቀስ የሚይዝ አታገኝም!

ደግሞ መቀሱን ጠብቅ። እኛ ጋ አንድ መቀስ ከታመመ ግንድ ወደ ጤነኛው ሲዞር ውሎ፣ በኋላ ስንቱን ነቀልን። ከእያንዳንዱ ግንድ በኋላ በአልኮል ይጠረግ።