አምፊፖሊስን ያጣው ጄኔራል፦ ስለ ቱኪዲደስ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ተቀምጠን ስለ ጦር ታሪክ ስናወራ የቱኪዲደስ ስም ተነሣ። ሰዓቱ አልበቃንም፤ የቀሩትን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ማን ነው?

መልስ፦ የጥንት ግሪክ ታሪክ ጸሐፊ፣ የአቴንስ ሰው ነው። በ431 ሁለቱ የግሪክ ከተሞች፣ አቴንስና ስፓርታ፣ ሲገጥሙ፣ ነገሩ ከባድ እንደሚሆን ገምቶ የጦርነቱን ታሪክ ገና ከጅምሩ መጻፍ ያዘ። ጦርነቱ 27 ዓመት ፈጀ።

ጥያቄ፦ በጄኔራልነቱስ ምን ሠራ?

መልስ፦ በ424 የጦር አዛዥ ነበር። አቴንስ የመርከብ እንጨትና ገንዘብ የምታገኝባት አምፊፖሊስ የምትባል ከተማ ነበረች። የስፓርታው ጄኔራል ብራሲዳስ በክረምት ሌሊት፣ በረዶ እየጣለ፣ የወንዙን ድልድይ ያዘ። ቱኪዲደስ የግማሽ ቀን የመርከብ መንገድ ርቆ ታሶስ ደሴት ላይ ነው። ወሬው እንደደረሰው 7 መርከብ ይዞ ገሰገሰ። ብራሲዳስ መምጣቱን ፈራ፤ ቱኪዲደስ በዚያ አገር የወርቅ ማዕድን ያሠራ ነበርና ቃሉ ይሰማል። ስለዚህ ብራሲዳስ ለከተማው ሰው ቀላል ውል አቀረበ። የፈለገ ንብረቱን እንደያዘ ይቀመጥ፣ ያልፈለገ በ5 ቀን ውስጥ ጓዙን ይዞ ይውጣ። ከተማዋ እጇን ሰጠች። ቱኪዲደስ የደረሰው የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ነው። ማዳን የቻለው ወንዙ ባሕር የሚገባበት ላይ ያለችውን ኤዮንን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ታዲያ ይሄ ምኑ ይደነቃል? ተሸንፏል እኮ!

መልስ፦ የሚደነቀው አጻጻፉ ነው። ራሱን እንደ ሌላ ሰው «ቱኪዲደስ» እያለ ይተርካል። ሰበብ አይደረድርም። ያሸነፈውን ብራሲዳስን ያሞግሳል። በዚህ ሽንፈት ምክንያት 20 ዓመት ተሰድዷል፤ እሱንም በአጭሩ ጠቅሶ ያልፋል። እንዲያውም ስደቱ የስፓርታን ወገን ቀርቦ ለመስማት እንደጠቀመው ይናገራል። እኔ የማምነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ ጊዜ አቴንስን የመታው ወረርሽኝ ከኢትዮጵያ መጣ ብሏል?

መልስ፦ አዎ፣ ግን «ይባላል» ብሎ ነው። ግሪኮች ያኔ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ የዛሬዋን አገራችንን ማለቱ አይደለም። እሱም ታሞ ድኗል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ የጻፈው፣ በሽታው ከተመለሰ ሰው እንዲያውቀው ብሎ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ በሽተኛ የሚያስታምሙት ሰዎች እንዴት እንዳለቁ የጻፈው ነው።

ጥያቄ፦ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የሰዎች ንግግሮች ቃል በቃል ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ሁሉን ማስታወስ እንደማይቻል ራሱ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ የጦርነቱን መጨረሻ ይነግረናል?

መልስ፦ አይነግረንም። ጦርነቱ በ404 ሲያበቃ በሕይወት ነበር፤ ጽሑፉ ግን 411 ላይ ይቋረጣል። ቀሪውን የጻፈው ሌላው ወታደር ዜኖፎን ነው። የእኛም አካባቢ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለው። ከሐረር የተነሣውን የኢማም አሕመድን ዘመቻ አረብ ፈቂህ «ፉቱህ አል-ሐበሻ» ብሎ ጽፏል፤ እሱ ጄኔራል አልነበረም። እጃችን የገባው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ስለ እሱ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠይቁኝ።