የተባለ አይቀርም፤ ታዲያ ጀግናው ምን ሠራ?

ስለ ጥንታዊው ሮማዊ ገጣሚ ቨርጂል «ኤኒድ» የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ዛሬ ልመልስ። ግጥሙን ላላነበበ በአጭሩ፦ ትሮይ በግሪኮች እጅ ስትቃጠል ኤኒያስ ሽማግሌ አባቱን አዝሎ፣ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ ያመልጣል። ከዚያ ዓመታት በባሕር ተንከራቶ ኢጣሊያ ይገባል፣ የሮማውያንም ዘር ከእሱ ይቀጥላል። 12 ክፍል፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ስንኝ ነው።

«የአማልክቱ ንጉሥ ጁፒተር ገና በመጀመሪያው ክፍል የሮም ግዛት ወሰን እንደማይኖረው ተናግሯል። መጨረሻው ያለቀለት ሰው ምኑ ነው ጀግና?»

ያንን የሰማችው የኤኒያስ እናት፣ አምላኳ ቬነስ ናት፣ እኛም አብረን ሰምተናል። እሱ ግን አልሰማም። ኤኒያስን መጀመሪያ የምናገኘው ማዕበል መሀል ነው፤ ፍርሃት ሰውነቱን አብርዶት፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ምነው ያኔ በትሮይ ግንብ ሥር በሞትኩ ይላል። አስቡት፣ ከጀግናው አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል የሞት ምኞት ነው። ትንሽ ቆይቶ የብስ ሲረግጡ ደግሞ ሰዎቹን ያበረታታል፤ ፊቱ ላይ ተስፋ ያሳያቸዋል፣ የራሱን ሕመም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይይዘዋል። ጀግንነቱ ለእኔ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ዕጣ ፈንታ በላቲን «ፋቱም» ይባላል፤ «መናገር» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ የተነገረ ቃል እንደማለት። የተነገረው ግን የት እንደሚደርስ ነው። ሲሲሊ ላይ አባቱ ሲሞትበት፣ ስንት ትንቢት የነገሩኝ ሰዎች ይህን ሐዘን አልነገሩኝም ብሎ ራሱ ያማርራል።

«ዲዶን ጥሏት ሄደ። ክህደት ነው እንጂ ምን ጀግንነት አለው?»

ይህን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ እኔም አራተኛውን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ዲዶ በሰሜን አፍሪካ የነበረችው የካርቴጅ ከተማ ንግሥት ናት፤ መርከቡ ተሰባብሮ የመጣውን ስደተኛ ተቀበለችው፣ ወደደችው። ጁፒተር መልእክተኛ ልኮ «ተነሥ፣ ሂድ» አለው፤ እሱም መርከቦቹን በድብቅ ማዘጋጀት ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ መሄዱን እረዳለሁ፣ ድብቁን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ደርሳበት ስትጠይቀው «ኢጣሊያን የምከተለው በፈቃዴ አይደለም» ይላታል፤ በላቲኑ ይህ ስንኝ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ቀሪው የለም።

አሁን ይህን አስተውሉልኝ። ዲዶ ራሷን ስትገድል ቨርጂል ምን ይላል? በዕጣ ፈንታዋ አልሞተችም፣ ሞት የሚገባትም ሆና አይደለም፣ ቀኗ ሳይደርስ ነው የሞተችው ይላል። የሮምን ዕጣ ሲዘምር የኖረው ገጣሚ ራሱ፣ ይህች ሴት በዕቅዱ ውስጥ አልነበረችም እያለን ነው! በስድስተኛው ክፍል ኤኒያስ ወደ ሙታን አገር ወርዶ ያገኛታል፣ እያለቀሰ ያናግራታል፤ እሷ አንዲት ቃል አትመልስም፣ ፊቷን አዙራ ወደ ቀድሞ ባሏ ትሄዳለች። ከዚህ ዝምታ የሚበልጥ መልስ አላውቅም።

«ጁኖ ዕጣ ፈንታን እንደማትለውጥ ካወቀች ለምን ትደክማለች?»

ለማዘግየት። የጁፒተር ሚስት ጁኖ ትሮያውያንን ትጠላለች፤ በሰባተኛው ክፍል ራሷ ትናገረዋለች፦ ኤኒያስን ከኢጣሊያ መንግሥት ልከለክለው አልችልም፣ ግን ላጓትተው፣ በሁለቱም ወገን ደም ላስከፍለው እችላለሁ። ደግሞ ባዶ እጇን አልቀረችም። ትሮያውያን ስማቸውንና ቋንቋቸውን ትተው ላቲኖች እንዲሆኑ በመጨረሻ ከጁፒተር ታስፈቅዳለች።

«ኢትዮጵያ በግጥሙ ውስጥ አለች ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?»

አለች። በካርቴጅ ቤተ መቅደስ ሥዕል ላይ፣ ትሮይን ለመርዳት የዘመተው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ከነጦሩ ይታያል፣ ዲዶም ስለ ትጥቁ ትጠይቃለች። የጥንቶቹ «ኢትዮጵያ» ግን የዛሬው ወሰናችን አይደለም፤ ከግብፅ በስተደቡብ፣ አንዳንዴም ወደ ምሥራቅ ያለውን ሰፊ ምድር ነበር እንዲያ የሚሉት።

«መጨረሻው ለምን እንዲህ ድንገት ይቆረጣል? ስላልጨረሰው ነው?»

ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ሲሞት ገና እያረመው ነበር፣ እንዲቃጠልለትም ፈልጎ ነበር፤ ያዳነው አውግስጦስ ቄሣር ነው። መጨረሻው ግን ታስቦበት የተጻፈ ይመስለኛል። ኤኒያስን የአባቱ መንፈስ «የተሸነፈውን ማር» ብሎ መክሮታል። ኢጣሊያ ውስጥ የተዋጋው ጠላቱ ቱርኑስ ቆስሎ ተንበርክኮ ይለምናል። ኤኒያስ ሊመታ ያነሣውን እጁን ይገታል፣ ሊምረው ነው፣ ልባችን ይንጠለጠላል። ከዚያ ቱርኑስ ትከሻ ላይ መታጠቂያ ያያል፦ ቱርኑስ የገደለው የወጣቱ የፓላስ ነው፣ አባቱ አደራ ብሎ ለኤኒያስ የሰጠው ልጅ። ንዴት ያሰክረዋል፣ ሰይፉን ደረቱ ላይ ይሰካል። የቱርኑስ ቀን መድረሱን ጁፒተር በሚዛን መዝኖ አይቶ ነበር፤ ሰይፉን የያዘው እጅ ግን የኤኒያስ ነው። የመጨረሻው ስንኝም የድል አይደለም፤ የቱርኑስ ነፍስ እያቃሰተች፣ እያማረረች ወደ ጥላዎቹ አገር ትወርዳለች።