የተነጨችውን ሳይሆን ነጪዋን አውጪያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከሀበሻ ዶሮዎችሽ ጋር ቦቫንስ የሚባሉ የውጭ ዝርያ ቄቦች ቀላቅለሽ፣ አንዷ ጥቁር ሀበሻ ጀርባቸውን እየነጨች መላጣ አስቀረቻቸው። እኔም ደብረ ማርቆስ ጓሮዬ ውስጥ ይኸው ነው የገጠመኝ። የኔዋ ጉልቤ ወሰራ ናት። ቁመቷ የቦቫንሶቹን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ፊቷ የምትቆም ግን የለችም። ስለ መኖና ስለ ውሃ የታወቀውን ዘልዬዋለሁ።

1. ሁሉም ሰው «የተጎዳችውን ለያት» ይልሻል። ደም ካላት አዎ፣ ዛሬውኑ ለያት። ቀይ ነገር ካዩ ሌሎቹም ይረባረቡባታል። ከፋርማሲ ጂቪ የሚባለውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቁስል መድኃኒት ገዝተሽ ቀቢያት፤ ቀዩንም ይሸፍንላታል። ላባዋ ብቻ ከተነጨ ግን አትንኪያት። የምትወጣው ጥቁሯ ናት! ዶሮዎች ተራ አላቸው፤ ማን ቀድማ እንደምትበላ፣ ቆጥ ላይ ማን የት እንደምትሰፍር የታወቀ ነው። ደካማዋን አውጥተሽ ስትመልሻት እንደ አዲስ መጤ ከታች ትጀምራለች፣ ዱላውም ይብስባታል። ጉልቤዋን ግን ሌሎቹን በማታይበት ቦታ አራት አምስት ቀን ብታስቀምጫት ተራው ያለ እሷ ይደለደላል። ስትመለስ መጤዋ እሷ ናት። የኔዋ ማድ ቤት ከርማ ስትመለስ አንዷ ቦቫንስ ግንባሯን አንድ ጊዜ ስትላት ማየት ነበረብሽ።

2. መንጨቷን እንድትተው ብለሽ ምንቃር አታስቆርጪ። ይህን የምለው አንጀቴ አሮ ነው። ምክር ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ዶሮ ካልተጣላ ምን ይሥራ? እረጃትና ብዪ» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀብኝ። ሌላው ደግሞ «እኔ መጥቼ እቆርጥልሻለሁ» ብሎ ቤቴ መጣና አንዷን በምላጭ ቆረጣት። ምንቃር እኮ ደም ሥርም ነርቭም አለው! የሚቆርጡትም ገና በጫጩትነቷ፣ በጋለ ስለት፣ በሠለጠነ ሰው ነው። ደሙ አልቆም አለ። ከዚያ በኋላ በቆሎ ለማንሳት ብትሞክር ትስታለች፤ አፏ ላይ ደርሶ ይወድቃል። ከስታ ሞተች። ልደውልለት ብል አያነሳም። ብሩን ግን ሁለቴ ቆጥሮ ነው የወሰደው።

3. አንድ መመገቢያ ብቻ ካለሽ ጉልቤዋ እንደ ኬላ ጠባቂ ትቆምበታለች። ሁለተኛውን ከግድግዳ ጀርባ፣ እሷ ከቆመችበት በማይታይበት ቦታ አድርጊ። ጎመን በገመድ አንጠልጥይላቸው፣ ሲዘሉ ይውሉ። ቤቱም እንዳይጠብ፤ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአራት አምስት እንቁላል ጣይ በላይ አታጉሪ። ደግሞ የነጨችውን ላባ ትውጠዋለች? የምትውጠው ከሆነ የሚበሉት ሁሉ በቆሎ ሆኖ ፕሮቲን አንሷቸው ሊሆን ይችላል። እኛ ጎጃሞች ኑግ አምርተን፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን ፕሮቲን ያለው ፋጉሎ ለከብት ብቻ እንሰጣለን! ከዘይት መጭመቂያ ገዝተሽ ከመኖው ጋር ደባልቂበት።

ሌላ ጨምረሽ ከገበያ ብትገዢ አንድ ብቻዋን አታምጪ፣ ሁሉም እሷ ላይ ይዘምታሉ። ሁለት ሦስት አድርገሽ አምጪና ሁለት ሳምንት ሌላ ቦታ አቆያቸው። ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይዘው ከመጡ የምትጨነቂለት ጠብ አይኖርም፣ ዶሮም አይተርፍሽ። ከዚያ በዶሮ ሽቦ ለይተሽ ሳምንት ያህል ይተያዩ።

አሁን ወሰራዬና ቦቫንሶቹ አንድ ቆጥ ላይ ነው የሚያድሩት። ለፋሲካ «ሽጪልን» ብለው ቢለምኑኝ እንቢ አልኩ። «እረጃት» የተባለችው ዶሮ ናት እንግዲህ።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። አውራ ዶሮ አለሽ? ጀርባቸውን የመለጠው እሱ ሲወጣባቸው ሊሆን ይችላል፤ ጥቁሯን በከንቱ እንዳትወነጅያት። ላባ ሥር የሚርመሰመስ ቅማል ካለም ራሳቸው ይነጫሉ። ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ ባትሪ ይዘሽ ጭራቸው ሥር ገለጥ አድርገሽ እይና ጻፊልኝ።