ጣሪያው፣ ምጣዱና የምዕራብ ፀሐይ

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች ከአንድ ሰፈር የተላኩ ይመስላሉ፤ ሁሉም ስለ አፓርታማና ስለ መብራት ቆጣሪ ናቸው።

«ባሕር ዳር ላይ መልሶ በሚለማ ሰፈር 16 አባወራ ሆነን በማኅበር ልንሠራ ነው፤ ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ አራት ፎቅ። ዋናው መንገድ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ንድፍ ሠሪው ያንን ፊት በሙሉ መስታወት አደረገው። ለከተማው ገጽታ ያምራል ይለናል። ምን ይመክሩናል?»

ያምራል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን እዚያ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ አይገኝም። ባሕር ዳር ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የሰሜኑና የደቡቡ ግድግዳ ስለዚህ በትንሽ ጥላ ይድናል፤ ከደቡብ መስኮት በላይ 60 ሴንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የመስኮት ቁመት ይጋርዳል። የምዕራቧ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ ክፈፍ አያግዳትም።

መሬቱን ማዞር አይቻልም፤ ክፍሎቹን ማዞር ግን ይቻላል። ደረጃውን፣ መታጠቢያ ቤቱንና ዕቃ ቤቱን ወደ ምዕራብ ስደዷቸው፤ ሳሎንና መኝታ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሂዱ። የግድ ወደ መንገዱ የሚያይ ክፍል ካለ ጠለቅ ያለ በረንዳና ነፋስ የሚያሳልፍ ባለቀዳዳ ብሎኬት ይቅደመው። መስታወቱን ከፈለጋችሁት ለሱቆቹ አድርጉት፤ ገጽታውም እዚያው ይታያል። በየቤቱ ከሁለት አቅጣጫ የሚከፈት መስኮት ካለ ማራገቢያ እንኳ ብዙ አትፈልጉም። ግቢው ውስጥ የቆየ ማንጎ ወይም ዋንዛ ካለ ሕንጻውን ከዛፉ አርቃችሁ ንደፉ፤ ሰፈር ሲፈርስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፣ ተመልሶ ጥላ እስኪሆን ደግሞ ልጆቻችሁ ያገባሉ።

ስለ ጣሪያው አልጠየቃችሁኝም። ሙቀቱ በሚበረታበት በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዋናውን ዱላ የሚቀበለው ቆርቆሮው ነው። ነጣ ያለ ቀለም ይኑረው፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር ይመላለስ፤ ኮርኒሱ ላይ ፎም ይነጠፍ። አለዚያ አራተኛ ፎቅ ዕጣ የደረሰው አባል ማኅበሩን ሲረግም ይኖራል።

«ወንድሜ ባሕር ዳር ያሠራበትን ፕላን ላከልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ብሠራበት ወጪ ይቀንስልኛል?»

የንድፍ ክፍያ ይቀንስልዎ ይሆናል፤ ብርዱን ግን በየክረምቱ ይከፍሉታል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። ለወንድምዎ መከራ የሆነችው ፀሐይ ለእርስዎ በረከት ናት፦ ሰፊውን መስኮት ወደ ደቡብ፣ ጠባቡን ወደ ሰሜን ያድርጉ። ደረጃውን ክፍት አይተዉት። የላሜራ መስኮት ከሆነ ዳር ዳሩን በጎማ ያስደፍኑ፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው።

ከባሕር ዳሩ ማኅበር ደግሞ፦ «አሁን ባለንበት ቤት መብራት የሚበላብን ምንድን ነው? አምፖሉን ሁሉ ቀይረናል።»

አምፖሉማ ትንሹ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ 16 ቤት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ቢጥደው 56 ኪሎዋት ይሆናል። መስመሩ ቢወድቅ አይገርምም። በምድር ቤት አንድ የጋራ ማድ ቤት ሠርታችሁ በተራ ጋግሩ። ተከታዩዋ ምጣዱን በጋለበት ስለምትቀበለው የማሞቂያው ጊዜ ይተርፋል። (ማን ያስሰዋል የሚለውን ጠብ ግን እኔ አልፈታውም።) ቀጥሎ የገላ ውሃ ነው፤ 100 ሊትር ከ18 ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እሱን ጣሪያ ላይ በሚቀመጥ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ተኩት። ቧንቧው ሕንጻው ሲሠራ ይቀበር፤ በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ያስመርራል።

«ሶላር ፓነልስ?»

ከውሃ ማሞቂያው በኋላ። ለደረጃ መብራትና ለውሃ ፓምፕ ይበቃችኋል፣ ባትሪ ካለው መብራት ሲጠፋም ያድናል። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይዘንብል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ አቧራው ይተኛበታል። በጋ ላይ ደግሞ ዝናብ ስለማያጥበው ወጥቶ የሚጠርግ ሰው ያስፈልገዋል። ማኅበራችሁ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጧል፤ ጠራጊ መምረጡን ግን አልጻፋችሁልኝም።