ለጀማሪ አዳኝ ትልቅ ጥይት አትምረጡ

ውድ ልጆቼ፣

በየክረምቱ ከአሜሪካ ለዕረፍት ሐዋሳ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ሐይቁ ዳር ሲያገኙኝ ስለ አደን ይጠይቁኛል። እዚያ አደን እንደ እኛ አገር የጥቂት ሰዎች ነገር አይደለም። በየኅዳሩ አባት ከልጁ፣ እናት ከልጇ ጋር ጫካ ይገባሉ። የእኛም ልጆች ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር መሄድ ጀምረዋል። በቅርቡ ኮሎራዶ የሚኖር የእህቴ ልጅ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ለ12 ዓመት ልጄ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚይዘውን፣ ልገዛለት ነው፤ ካሊበሩን፣ ማለትም የጥይቱን ዓይነት፣ አንተ ምረጥልን» አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። .243 ዊንቸስተር ወይም 7 ሚሊሜትር-08 ሬሚንግተን ይሁን። በነጥብ የሚጀምረው ቁጥር የአረሩ፣ ማለትም ከአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ፣ ውፍረት በኢንች ነው። ልጁ ቀጭንና ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ትከሻው ጠንከር ካለ ሁለተኛው። ምክንያቱን ግን ረዘም አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ካሊበር የሚመርጥ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉልበት ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የራሱን ትከሻ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአርሲና በባሌ ደጋ አዳኞችን በመምራት ነው። ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር ሰዎች የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ፍለጋ ይመጣሉ። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፤ በአስታው መሀል፣ በጉሙ ውስጥ። ጠመንጃም ሰውም ብዙ አይቻለሁ። እንስሳ አቁስለው የሚያጠፉት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ጠመንጃ የያዙት አልነበሩም። ከአቅማቸው በላይ የሆነ ጠመንጃ የያዙት ነበሩ። .300 ዊንቸስተር ማግነም ይዞ የመጣ ጎልማሳ ምላጩን ሊስብ ሲል ዐይኑን ይጨፍናል። ትከሻው ይሸማቀቃል፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል። እንስሳው ሆዱን ይመታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሙሉ ደም መከተል ነው። ጉሙ ከወረደ ደግሞ ደሙም ዱካውም ይጠፋል፤ እንስሳው የሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰቃይቶ ይሞታል። ይህን ማየት በጣም ያመኛል። አሮጌ 7 ሚሊሜትር ማውዘር ይዘው የሚመጡት ደግሞ፣ ጠመንጃቸውን ስለሚያውቁት፣ አንዴ ተኩሰው ያበቃሉ።

ዐይን መጨፈን የፈሪ ምልክት እንዳይመስላችሁ። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ትከሻን የሚመታውን ምት የቀመሰ ሰውነት በሚቀጥለው ጊዜ ምቱ ሳይመጣ ራሱን ያዘጋጃል። ሰውየው ራሱ አይታወቀውም። ጎበዝ ወታደርንም ይይዘዋል። አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ በልጅነት ከገባ ደግሞ ብዙዎቹ ጭራሽ ተኩስ ይተዋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠመንጃ ልጁን ማሳመም የለበትም።

ክብደታቸው እኩል በሆነ ጠመንጃ ብትተኩሱ፣ .30-06 ትከሻን የሚመታበት ኃይል ከ.243 እጥፍ ገደማ ነው። .300 ማግነም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። 7 ሚሜ-08 ከ.243 ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ.308 ግን ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ስለ አንድ ጎራሽ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ብዙዎቹ ቀላል ናቸው፤ 3 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይመዝናሉ። ቀላል ጠመንጃ ለመሸከም ጥሩ ነው። ሲተኮስ ግን ከከባዱ ይልቅ ይመታል። በከባድ ጠመንጃ የሚቻለው .308 በቀላል አንድ ጎራሽ ልጅን ሊያስለቅስ ይችላል። መደብር ውስጥ ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ብዙ አታገኙም።

ታዲያ ለምን አንድ ጎራሽ? አሜሪካ ውስጥ ለልጅ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከመሀል የሚታጠፉ ናቸው። ከፍታችሁ አንድ ጥይት ታስገባላችሁ፤ ትዘጋላችሁ። ተከፍቶ ሲያዝ ባዶ መሆኑን ከሩቅ የቆመ አባት ጭምር ያየዋል። ይህ ብቻውን ለእኔ በቂ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ጥይት ስለሌለ ደግሞ ልጁ ይጠብቃል። እንስሳው እስኪዞር፣ እስኪቆም፣ ጎኑን እስኪሰጥ። ሦስትና አራት ጥይት ያለው ልጅ የመጀመሪያውን በችኮላ ይለቀዋል፤ የቀሩትን የሚሮጥ እንስሳ ላይ ይበትናል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቹ ጥይቱን የሚያስነሳው መዶሻቸው ውጭ ነው፤ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ይሳባል። ብርድ ያደነዘዘው አውራ ጣት መዶሻውን ሲመልስ ሊያመልጠው ይችላል። ልጁ ባዶ ጠመንጃ ላይ፣ ጓንት አድርጎ፣ ደጋግሞ ይለማመደው።

ለእኛ ሰው አንድ ጎራሽ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የእ.ኤ.አ. 1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ 11 ሚሊሜትር አንድ ጎራሽ ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተንም እንደዚሁ። የውጅግራ አረር 25 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከባድ ግን ዘገምተኛ። የዛሬው 7 ሚሜ-08 አረር 9 ግራም ገደማ ነው፤ በሴኮንድ 850 ሜትር ያህል ይሄዳል። የጥይት ጉልበት በውፍረቱ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ ታያላችሁ።

ወጣቶች በጣም የሚሳሳቱበት ቦታም ይኸው ነው። «7.62 ነው» ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላቸዋል። የክላሹ ጥይት ውፍረቱ 7.62 ሚሊሜትር ነው፤ ባሩዱን የያዘው የቀለሃው ርዝመት 39 ሚሊሜትር። .308ም 7.62 ነው፤ ቀለሃው 51 ሚሊሜትር። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በያዘው ኤም ዋን የሚተኮሰው .30-06ም 7.62 ነው፤ ቀለሃው 63 ሚሊሜትር። አረሩ ውፍረቱ ተመሳሳይ ነው። ከኋላው ያለው ባሩድ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ካሊበር ስትጠይቁ ሙሉ ስሙን ጠይቁ። የተሳሳተ ጥይት ጠመንጃ ውስጥ መክተት ሰው ይገድላል። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ በጠመንጃው በርሜል ላይ ተቀርጿል፤ ከጥይቱ ሳጥንና ከቀለሃው ቂጥ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት።

የመረጥኩላችሁ ሁለቱ ጥይቶች ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት የ.308ን ቀለሃ አፍ በማጥበብ ነው። .308 እ.ኤ.አ. በ1952 ወጣ። .243 በ1955፣ 7 ሚሜ-08 በ1980 ተከተሉት። .243 ቀጭን አረር ስላለው ምቱ ለስላሳ ነው፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። አሜሪካኖች ዲር የሚሉት አጋዘን ትልቅ ወንዱ 100 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። በትክክል ከተመታ ለ.243 አይከብደውም። ሳምባው ካልተመታ ግን .243 ይቅርታ የለውም። 7 ሚሜ-08 ትንሽ ሰፋ ያለ ዕድል ይሰጣል፤ ልጁ ካደገም በኋላ አይጠብበትም።

7 ሚሊሜትር ያንሳል የሚላችሁ ካለ ስለ ዋልተር ቤል ንገሩት። ካራሞጆ ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብም አድኗል። በሕይወቱ ከ1000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ ከነዚያ ብዙዎቹን በ7×57 ማውዘር። ከ7 ሚሜ-08 ጋር በጉልበት የሚቀራረብ ጥይት ነው። እኔ የዝሆን ግድያውን አላደንቅም፤ ዛሬ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም። የማደንቀው ሌላ ነገር ነው። የዝሆንን ጭንቅላት በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል። ጥይቱ ትንሽ የሆነ ሰው ይህን ማወቅ ግዴታው ነበር።

እናንተም የአጋዘኑን ሰውነት እወቁ። ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር ወደ ላይ ሲሶውን ያህል። ልብና ሳምባ እዚያ ናቸው፤ ስፋታቸው 20 ሳንቲሜትር ገደማ። ጭንቅላት ላይ አትተኩሱ። ከኋላው አትተኩሱ። ለመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሜትር በላይ አትሞክሩ፤ ጠመንጃው ቢችልም። ከተኮሳችሁ በኋላ ዐይናችሁን ሳትነቅሉ ሁለተኛውን ጥይት አስገቡ። የቆመበትን ቦታ በምልክት ያዙ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ደሙ አረፋ ያለውና ደማቅ ከሆነ ሳምባ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ሆዱ ተመትቷል፤ ብዙ ሰዓት መጠበቅ አለባችሁ። ቶሎ ከተከተላችሁት ተነስቶ ይሮጣል፣ ይጠፋል።

.223ስ? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ምቱ ከሁሉም ያንሳል። ለጀማሪ አልመክረውም። ኮሎራዶ ሕጉም አይፈቅድም፤ ለአጋዘን ከ.24 ኢንች ያላነሰ ውፍረትና ከ70 ግሬን ያላነሰ አረር ይጠይቃል። ግሬን የእነሱ መለኪያ ነው፤ 70ው 4.5 ግራም ገደማ ይሆናል። ቨርጂኒያም ከ.23 በታች አይቀበልም። በሌላ በኩል ኦሃዮ ያላችሁ .243ም 7 ሚሜ-08ም አይሆኑላችሁም። እዚያ ለአጋዘን የሚፈቀደው ቀለሃው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጥይት ነው። ኢሊኖይም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጠመንጃ ሲፈቅድ አንድ ጎራሽ ብቻ ነው ያለው፤ .243 ግን እዚያም አይገባም። ለእነዚህ ሁለቱ .350 ሌጀንድን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ምቱ ለልጅ የሚሆን ጥይት ነው። ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት የግዛታችሁን የዘንድሮ ደንብ አንብቡ። የአዳኝነት ትምህርቱንም ውሰዱ። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደን ሁሉ ያለዚያ ወረቀት ፈቃድ አይሰጥም። ወላጆችም አብራችሁ ተማሩ።

የሰደፉን ርዝመት እዩ። ብዙ አባቶች «ያድግበታል» ብለው የአዋቂ ጠመንጃ ይገዛሉ፤ ልጁ የታላቅ ወንድሙን ኮት እንደለበሰ ሆኖ ይቀራል። ሰደፉ ከረዘመ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ሳይሆን ክንዱ ላይ ያርፋል። ያኔ ለስላሳውም ጥይት ያማል። ለልጅ ተብሎ ያጠረውን ግዙ፤ የጎማ መደገፊያ ያለውን።

ስለ አረሩ ደግሞ አደራ እላለሁ። እርሳስ አረር ሲመታ ይበታተናል፤ ፍርፋሪው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ልጆቻችሁ ይበሉታል። ሜዳ ላይ የቀረውን አንጀት የሚበሉ አሞሮችም ይመረዛሉ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአደን እርሳስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው ለዚህ ነው። የመዳብ አረር ትንሽ ይወደዳል፤ ግን አይበታተንም፣ በ.243 እንኳ ጠልቆ ይገባል። እዚህ ሐዋሳ ከአሞራና ከአባ ኮዳ ጋር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥጋውን በተመለከተ፣ ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ቤተሰቦች የአደኑ ወቅት ከገና ጾም መግቢያ ጋር ይጋጫል። ኅዳር 15 ሳይገባ ካልበላችሁት ፍሪዘር አዘጋጁ።

እዚህ አገር ላላችሁ ልጆቼ ለብቻ አንድ ነገር ልናገር። ይህን አንብባችሁ ጠመንጃ እንዳታነሱ። የዱር እንስሳት አዋጁ 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝን። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ሰንቀሌ ያሉት ቆርኬዎች ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። የደጋ አጋዘንም እንደዚሁ። በዱር እንስሳ ሥራ መኖር የምትፈልጉ ወንዶ ገነት ቅርባችሁ ነው፤ ተማሩ። ጥሩ ዱካ አንባቢና ጥሩ ጠባቂ ያስፈልገናል። ገዳይ ተብሎ መሸለል የአያቶቻችን ዘመን ነገር ነው። ያን ጊዜ እንስሳው ብዙ ነበር።

አሁን ለልምምዱ። ልጁን በ.22 አስጀምሩት። ምት የሌለው፣ ርካሽ ጥይት ነው። የጆሮ መከላከያ ከመጀመሪያው ቀን ያድርግ፤ የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ የተጎዳ ጆሮ አይመለስም። ድምፁ ራሱ ዐይን ያስጨፍናል። ወደ .243 ሲሸጋገር በአንድ ቀን ጥቂት ጥይት ብቻ ይተኩስ፤ ትከሻው ሳይደክም ያቁም። አንዳንዴ አባትየው ሳያሳየው የውሸት ጥይት ያስገባለት። ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ ካልተነቃነቀ ልጁ ዝግጁ ነው። ከተነቃነቀ ወደ .22 መልሱት፤ አትቆጡት። ተቀምጦና ተደግፎ በ100 ሜትር ጥይቶቹን ሁሉ ከአንድ ትንሽ ሳህን በማይበልጥ ክብ ውስጥ እስኪያስገባ ጫካ አይግባ። ኢላማ የተኮሰበትን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። የጥይቱን ሙሉ ስም፣ የአረሩን ክብደትና ርቀቱን ጎኑ ላይ ጻፉበት፤ አይቼ የሚስተካከለውን እነግራችኋለሁ።