«ቡናዬ ፓስፖርት ይፈልጋል ወይ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ ቡና ቡና ይላል። አይገርመኝም። ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አላስገባም የሚለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ፣ አሁን ለትልልቅና ለመካከለኛ አስመጪዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ቆሟል። ለአብዛኞቹ ትንንሾች ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድቦቹንም ቀንሻለሁ።

ከሐዋሳ አንድ ላኪ፦ ሶፍትዌር ሻጭ ቢሮአቸው መጥቶ «እ.ኤ.አ. በ2027 ያለ ዲጂታል ፓስፖርት አንድ ኬሻ ቡና አውሮፓ አይገባም» አላቸው። ልግዛ ወይ ይላሉ።

በዚህ ምክንያት ከሆነ አይግዙ። ሰውዬው ሁለት ሕግ ቀላቅሎ ነው የነገረዎት። የምርት ፓስፖርት የሚባለው፣ ማለትም ስለ ምርቱ ዝርዝር የሚይዘው ዲጂታል መዝገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የኢኮዲዛይን ደንብ (ምርቶች አካባቢን እንዳይጎዱ ተደርገው እንዲሠሩ ከሚያዘው) የመጣ ነው፤ ምግብ ደግሞ ከዚያ ደንብ በግልጽ ውጭ ነው። ፓስፖርት ለመያዝ ቀዳሚው ባትሪ ነው፤ በራሱ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ፣ የኤሌክትሪክ መኪናና መሰል ባትሪዎች። ጨርቃ ጨርቅም ተራ ይዟል። እዚያው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የሚያሰፋ ወዳጅ ካለዎት ሻጩን ወደ እሱ ይላኩት። ቡናን የሚመለከተው የደን ሕጉ ነው። እሱ የሚጠይቀው የማሳውን መገኛ፣ ማለትም ካርታ ላይ የት እንዳለ የሚያሳየውን ቁጥር ነው።

ከሞጆ፦ የበግ ሌጦ እናለፋለን፣ የደን ሕጉ እኛንም ይነካል?

ሕጉ የሚያወራው ስለ ከብት ነው። በግና ፍየል የሉበትም።

ከጅማ አንድ ወጣት አቅራቢ፦ እሸት፣ ማለትም ያልደረቀውን የቡና ፍሬ፣ የሚገዛው ከስድስት ሰብሳቢዎች ነው። ላኪው «ጀርመናዊው ገዢ የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ መገኛ ይፈልጋል» አለው። የ500 ገበሬ ዝርዝር ያለው ጓደኛው ሊያውሰው ፈቃደኛ ነው። «ማን ሄዶ ያረጋግጣል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ማንም ሳይሄድ ይታወቃል። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ኬሻ ይይዛል። በ60 ኪሎ ሲባዛ 19,200 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው። ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይገባል ብንል 115,200 ኪሎ እሸት መጣ። አንድ ገበሬ 300 ኪሎ ቢያስረክብህ 384 ገበሬ ማለት ነው። አሁን የጓደኛህን ዝርዝር አምጣ። ሩብ ሄክታር ያላት ሴትዮ 4,000 ኪሎ እሸት እንደሸጠች ከተጻፈ፣ በሄክታር ወደ 2.7 ቶን ጥሬ ቡና አመረተች ማለት ነው። የአገራችን አማካይ አንድ ቶን አይሞላም። ሀምቡርግ የተቀመጠ ልጅ ይህንን ቡናውን ሳይጨርስ ያገኘዋል። ጓደኛህም በዚያው ዝርዝር የራሱን ቡና ሸጦበታል፣ ስለዚህ አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ ተለቀመ ማለት ነው። ሕጉ ላይ ተጠያቂው አስመጪው ነው። ቅጣቱ በአውሮፓ ካለው ዓመታዊ ሽያጭ 4 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ስለሚችል አይምርህም። ዝም ብሎ ሌላ አቅራቢ ይፈልጋል።

ደግሞ ችግርህ ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። ከዓመታት በፊት አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሰብሳቢው አይሱዙ ይመጣል። ዝናብ። አንድ የእጅ ባትሪ ለሦስት ሰው። ኬሻው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይጠራል፣ እሸቱ ገንዳው ውስጥ ይገለበጣል። የ40 ገበሬ እሸት ነው፤ እኔ የምጽፈው ግን አንድ ስም፣ የሰብሳቢውን። ያንን ገንዳ ዛሬ የትኛውም ሶፍትዌር መልሶ አይለየውም።

ስለዚህ ገንዘብህን ሚዛኑ ላይ አውለው። ለእያንዳንዱ ሰብሳቢ ደብተር ስጠው፦ ቀን፣ የገበሬው ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎ። መገኛው ያልታወቀውን ለብቻ አድርቅ፣ ለብቻ ደርድር፣ ይህን ለማይጠይቅ ገበያ ሽጠው፤ ሳዑዲም አለ። ሕጉ የታወቀውን ካልታወቀው ጋር መቀላቀልን አይቀበልም። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ በስልክ ይነሳል። በጥቅምት የሚለቀመው አውሮፓ የሚደርሰው ሕጉ ከጀመረ በኋላ ነውና ሥራው የሚጀመረው ከለቀማው በፊት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙዎች መንገድ ዳር ያለውን፣ ሰፋ ያለ ማሳ ያለውን ብቻ መዝግበው ገደል ማዶ ያለውን ሊተዉት ነው። ሰውዬው አንድ ዛፍ አልቆረጠም። የሚቀርበት ለአንተ ሩቅ ስለሆነ ብቻ ነው። አንድ ቀን በበቅሎ ሂድለት።

ከይርጋጨፌ፦ የገበሬዎቻችንን ማሳ ብናስገባ ባሕር ላይ ያሳየናል፣ ሲስተሙ ተበላሽቷል?

ሲስተሙ ደህና ነው። ይርጋጨፌ ወደ ሰሜን 6 ዲግሪ፣ ወደ ምሥራቅ 38 ዲግሪ አካባቢ ናት። ገልብጣችሁ ስታስገቡት ከአልጄሪያ በላይ ሜዲትራንያን ውስጥ ትገባለች። ፋይሉ የሚፈልገው መጀመሪያ ምሥራቁን ነው። እግረ መንገዴን፦ ከመሬት ካርታ ላይ የምትቀዱት ቁጥር አዲንዳን በሚባለው የቆየ የካርታ መለኪያ የተሠራ ከሆነና ወደ ጂፒኤሱ መለኪያ ካልተቀየረ ማሳው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል፣ ጎረቤት ደን ውስጥም ሊያርፍ ይችላል። ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ አትርሱ።

ከቦንጋ፦ የኛ ቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚበቅለው። ታገደ ማለት ነው?

አይደለም። ሕጉ የሚከለክለው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ወደ እርሻ መለወጥን ነው። ደኑ ደን ሆኖ ከቆየ፣ ውስጡ ያለውን ቡና መልቀም ምንጠራ አይባልም። ችግሩ ሳተላይቱ ነው። ከላይ ሲያይ ጥላ ያለውን የጓሮ ቡና ጫካ ብሎ ይመዘግባል። ገበሬው ሁለት አሮጌ ዋንዛ ሲጥል ደግሞ «ደን ጠፋ» ይላል። እዚህ ላይ የኔን ምክር ይዛችሁ ውል እንዳትፈርሙ። ማሳው ድረስ የሚሄድ የደን ባለሙያ ጥሩ፣ የመሬት ደብተሩን ቅጂና ፎቶ ከነቀኑ ያዙ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ የገበሬውን ስምና ማሳ ለውጭ ገዢ መስጠት ይቻላል?

አስፈቅዳችሁ፣ በቋንቋው አስረድታችሁ፣ አስፈርማችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ጠበቃም ጠይቁ፣ ያው።

ከፍራንክፈርት፦ እናቴ በሰው እጅ አምስት ኪሎ ቡና ልካልኛለች፣ መገኛ ልጠይቃት?

ቆልተው ይጠጡት። ሕጉ የሚነካው ለንግድ የሚገባውን ነው።

ከይርጋለም፦ ታብሌት የለንም፣ ደብተር ይበቃል?

ይበቃል። በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ ማታ ማታ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት። አስመጪው መረጃውን አምስት ዓመት ማስቀመጥ ስላለበት በሦስተኛው ዓመት ደውሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ደብተሩን ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ አታስቀምጡት። የኔ እዚያ ነው የረጠበው።