ፔጅፋይል ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ? ጥያቄና መልስ

አዳማ ነኝ፤ ኮምፒውተር ጥገና እንጀራዬ ነው። የዛሬው ጉዳይ ፔጅፋይል ነው፤ የሊኑክስ ልጆች ስዋፕ የምትሉት። ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሲጣበብ ሲስተሙ ለጊዜው የማይፈልገውን በ4 ኪሎባይት ገጽ እየቆረጠ ዲስክ ላይ ያሳድራል። ስትጠይቁ የራማችሁን መጠንና የዲስካችሁን ዓይነት (የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ የማይሽከረከረው ፈጣኑ ኤስኤስዲ) ጻፉ። ከመነካካታችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ።

የፎቶ ቤት ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ። ፔጅፋይል ኤስኤስዲውን ይበላዋል ሲሉኝ ወደ አሮጌው ሃርድ ዲስክ አዛወርኩት። አሁን ፎቶ ስሠራ ስታክ ያደርጋል።

መልስ፦ ይሄን ወሬ የጀመረውን ሰው ባገኘሁት! ሃርድ ዲስክ አንድ ገጽ ፈልጎ ለማምጣት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ 100 እጥፍ ያህል ይቀድመዋል። ማይክሮሶፍት በ2009፣ ዊንዶውስ 7 ሊወጣ ሲል፣ ከሰበሰበው መረጃ ያገኘው ይሄ ነው፦ ፔጅፋይል አንዴ ሲጻፍበት 40 ጊዜ ያህል ይነበባል። ኤስኤስዲን የሚያደክመው ደግሞ መጻፍ ነው፤ ማንበብ አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 500 ጊጋው ሳምሰንግ 970 ኢቮ በዋስትናው የተሰጠው የመጻፍ ገደብ 300 ቴራባይት ነው። በቀን 20 ጊጋ ብትጽፍበት 15,000 ቀን ይወስዳል፤ 41 ዓመት መሆኑ ነው። ያኔ አንተም ጡረታ ወጥተሃል። ስለዚህ ወደ ሲ ድራይቭ መልሰውና መጠኑን ለዊንዶውስ ተውለት። ኤስኤስዲውን ግን ጢም አድርገህ አትሙላው። ባክአፕ ይዘሃል?

አዲስ አባል፦ ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ራም ስንት? ዲስኩ ምን ዓይነት? መግቢያውን አንብብ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ 16 ጊጋ ራም አለኝ። ጭራሽ ባጠፋውስ?

መልስ፦ አታጥፊው። ፕሮግራሞች ከሚጠቀሙት በላይ ቦታ ይይዛሉ፤ ዊንዶውስ የሚፈቅደው ጣሪያ ራምና ፔጅፋይል ተደምረው ነው። ጣሪያው ሲነካ ራም ገና እያለሽ ፕሮግራሙ ይዘጋብሻል። ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣም ምክንያቱን የሚመዘግብበት ቦታ ያጣል።

ከሐዋሳ፦ የእናንተ ችግር ፔጅፋይል አይደለም፣ የአዳማ ሙቀት ነው።

የፎቶ ቤት ሠራተኛ፦ ሐዋሳ በረዶ ይጥላል እንዴ?

ከሐዋሳ፦ ሐይቅ አለና! ነፋሱስ?

ሌላ አባል፦ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን ፍሪጅ ውስጥ ያስገባዋል። ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ፍሪጅ ውስጥ ያለው እርጥበት ቦርዱን ያበላሸዋል፤ ንገረው። ሙቀቱ ግን እውነት ነው። ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፕ ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ። የሐይቁን ነገር እዚያው ተነጋገሩ።

የሊኑክስ ተጠቃሚ፦ ስዋፒነስን (ሊኑክስ ወደ ስዋፕ ለመጻፍ ምን ያህል እንደሚቸኩል የሚወስነውን ቁጥር) 10 ላድርገው? ለስዋፕ ፋይል ይሻላል ወይስ ፓርቲሽን (ለብቻው የተከፈለ የዲስክ ክፍል)?

መልስ፦ ሲመጣ 60 ነው፤ 10 ብታደርገው ችግር የለውም። ፋይል ይበቃሃል። የዲስክህ ፋይል ሲስተም (ፋይል የሚደራጅበት ዘዴ) ቢቲአርኤፍኤስ ከሆነ ግን ለስዋፕ ፋይሉ ኮፒ ኦን ራይትን (ለውጥን ሁሌ አዲስ ቦታ ላይ የመጻፍ ልማዱን) አጥፋ። ሃይበርኔት (ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማጥፋት) የምታደርግ ከሆነ ስዋፑ ከራምህ አይነስ። ባክአፕ!

አዲስ አባል፦ ግን ጋሼ፣ ኤስኤስዲውን አይበላውም?

መልስ፦ 41 ዓመት! ከላይ አለ።

ሌላ አባል፦ ራሜ 4 ጊጋ ነው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ። ፔጅፋይሉን 32 ባደርገው 36 ጊጋ ራም ሆነልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይመልስልሃል፤ ኤስኤስዲ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። 1,000 እጥፍ ነው። ራም መሶብ ላይ ያለ እንጀራ ነው፤ ፔጅፋይል ወፍጮ ቤት ያለ ጤፍ። እንግዳው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ወፍጮ ቤት ትሄዳለህ? ላፕቶፕህ ተጨማሪ ራም የሚቀበል ከሆነ 4 ጊጋ ጨምርበት።

ሌላ አባል፦ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ጠዋት ያልኳችሁ ማታ ይለወጥና ሱቅ ድረስ መጥታችሁ ትጨቃጨቁኛላችሁ።